«ብርድ ነው» የተባለው ጉልበት

ጉልበት በድንገት አብጦ ሲግል በየቤታችን መጀመሪያ የሚሰማው ቃል «ብርድ ነው» የሚለው ነው። ቅቤ ይቀባል፣ ወጌሻ ይጠራል፣ ይታሻል። ብርድ ግን መገጣጠሚያ ውስጥ መግል አያስቋጥርም። መግል የሚያስቋጥረው ባክቴሪያ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜም ስታፊሎኮከስ ኦሪየስ የሚባለው፣ ጤነኛ ሰው ቆዳና አፍንጫ ላይ ሳይቀር የሚኖረው ነው። በቁስል በኩል ደም ውስጥ ይገባል፤ ከደም ወደ መገጣጠሚያ ይሻገራል። እዚያ የአጥንቶቹን ጫፍ የሚያለብሰውን ልም አጥንት በጥቂት ቀናት ውስጥ ይበላዋል። ልም አጥንት ደግሞ አንዴ ከተበላ እንደ ቆዳ መልሶ አይተካም። በእሽት የሚያልፉት ሁለትና ሦስት ቀናት የሚያስቆጩኝ ለዚህ ነው።

«ትኩሳት ከሌለው ኢንፌክሽን አይደለም» የሚለውም ያሳስታል። ብዙ ታማሚዎች፣ በተለይ አረጋውያንና የስኳር ሕመምተኞች፣ ትኩሳት ላይኖራቸው ይችላል። የሕፃናት ነገር የባሰ ነው። የዳሌ መገጣጠሚያ ጥልቅ ስለሆነ እብጠቱ ከውጭ አይታይም፤ ምልክቱ ልጁ እግሩን አላስነካም፣ አልቆምም ማለቱ ብቻ ሊሆን ይችላል። ወድቆ ነው ተብሎ ይታለፋል።

ከፋርማሲ አንቲባዮቲክ ገዝቶ መዋጥስ? ጉዳት አለው። ሐኪም በመርፌ ፈሳሽ ቀድቶ የትኛው ባክቴሪያ እንደሆነ በላቦራቶሪ ማስለየት አለበት፤ አስቀድሞ የተዋጠ መድኃኒት ያንን ይሸፍንበታል። መግሉም ካልተቀዳ ወይም ካልታጠበ ክኒን ብቻውን አይበቃም። «ውሃው ከተቀዳ ጉልበት ይደርቃል» የሚባለው ሐሰት ነው፤ መገጣጠሚያ ፈሳሹን ራሱ መልሶ ያመነጫል።

ሁሉም ባክቴሪያ ግን እንዲህ አይቸኩልም። የሳንባ ነቀርሳ ባክቴሪያና ካልፈላ ወተት የሚመጣው ብሩሴላ መገጣጠሚያን ለወራት ቀስ ብለው ይጎዳሉ።

ሰው ሠራሽ ጉልበት ወይም ዳሌ የተገጠመላቸው ደግሞ «ብረት አይታመም» ይላሉ። ብረት ደም አይደርሰውም፤ ችግሩም ይኸው ነው። ባክቴሪያው ብረቱ ላይ ተጣብቆ በራሱ ዝልግልግ ሽፋን ይከለላል፤ የሰውነት መከላከያም መድኃኒትም በቀላሉ አይደርሱበትም። ኢንፌክሽኑ ከተገጠመላቸው 100 ሰዎች በአንዱ ወይም በሁለቱ ላይ ይደርሳል። ቀዶ ጥገናው ካለፈ ከዓመታት በኋላም በደም በኩል ሊመጣ ይችላል፤ ያኔ ብቸኛው ምልክት የማይለቅ ሕመም ሊሆን ይችላል። ቶሎ ከተደረሰበት ተከፍቶ ይታጠባል። ከቆየ ግን ብዙ ጊዜ ብረቱ ይወጣና አንቲባዮቲክ የተለወሰበት ሲሚንቶ በቦታው ለሳምንታት ይቀመጣል፤ ከዚያ በሁለተኛ ቀዶ ጥገና አዲስ ይገጠማል።

እናትዎ ወይም አባትዎ ውጭ አገር ጉልበት አስቀይረው መጥተው ከሆነ፣ ባመማቸው ጊዜ ለሐኪሙ አስቀድመው ይህንኑ ይንገሩልኝ። አብጦ የጋለ መገጣጠሚያ ያዩ እንደሆነም አያሹት፤ ዛሬውኑ ሆስፒታል ይውሰዱት።