«ቀፊራ በየት በኩል ነው?»

ድሬዳዋ ደርሶ ቀፊራን ሳያይ የተመለሰ ሰው ከተማዋን አየሁ ቢል የሚያምነው የለም። በቅስቱ በር ሲገቡ የቅመሙ፣ የዕጣኑና የሽንኩርቱ ሽታ ተደባልቆ ይቀበልዎታል፤ አማርኛው፣ ኦሮምኛውና ሶማልኛውም በአንድ የዋጋ ክርክር ላይ ይገናኛሉ። እኔም ባለፈው ሰሞን ጥቂት ዕጣን ልገዛ ከከዚራ ወደዚያው ሳመራ፣ ዕድሜ ለሥልጣኔ ብዬ መንገዱን የጠየቅሁት ሰውን ሳይሆን የእጅ ስልኬን ነበር። ደቻቱ ድልድይ አጠገብ ስደርስ ግን የዳታው ሒሳብ አለቀና ካርታው ነጭ ወረቀት መሰለ።

ባጃጁን ጥላ ሥር ያቆመ አንድ ወጣት ይህን አይቶ ሳቀብኝ። የድሬ ሰው ትልቁንም ትንሹንም «አንተ» ማለት ልማዱ ነውና፣ «አቦ፣ ምን ታፈጥበታለህ? ያንተ ካርታ ዳታ ይበላል፤ የኔ ጾመኛ ነው» አለና ስልኩን አሳየኝ። በእርግጥም ዳታው ተዘግቶ ሳለ ከለገሃሬ እስከ ሳቢያን ያለው መንገድ ቁልጭ ብሎ ይታያል፤ የቆምንበትንም ስፍራ አንዲት ቀስት ታመለክታለች።

ነገሩ ጥንቆላ አይደለም። ስልክ ያለ ኢንተርኔት ስፍራውን የሚያውቀው፣ ከምድር በላይ 20,000 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀው ከሚዞሩ ሳተላይቶች ቢያንስ የአራቱን ምልክት ተቀብሎ፣ ምልክቱ በመንገድ የፈጀውን ጊዜ በማስላት ነው። ይቀበላል እንጂ ወደ ሳተላይቱ የሚልከው ነገር የለም። ኢንተርኔት የሚያስፈልገው የካርታውን ሥዕል ለማምጣት ነው፤ ሥዕሉ አንድ ጊዜ ከወረደ በኋላ ደጅ መጥናት የለም። ከሰኔ 23 ቀን 2012 ዓ.ም. ጀምሮ ኢንተርኔት በአገሪቱ ከሁለት ሳምንት በላይ ተቋርጦ የነበረበትን ጊዜ የሚያስታውስ ሰው፣ ይህ ቀላል ነገር እንዳልሆነ ይረዳል።

የወጣቱ ካርታ ኦርጋኒክ ማፕስ ይባላል። የትውልድ ሐረጉ ደግሞ ልብ ወለድ ይመስላል። አስቀድሞ ማፕስሚ የሚባል ካርታ ነበረ፤ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2014 አንድ የሩሲያ ኩባንያ ገዛው፤ በ2020 ደግሞ ለሌላ ተሸጠ። የአሠራሩ ኮድ ለማንም ክፍት ሆኖ ስለ ነበር፣ መጀመሪያ ከሠሩት ሰዎች መካከል አንዳንዶቹ ያንኑ ይዘው በ2021 ኦርጋኒክ ማፕስን አወጡ። በ2025 በዚህኛውም ቤት የአስተዳደሩ ነገር ግልጽ አይደለም የሚል ክርክር ተነሣና፣ ከፈቃደኛ ሠራተኞቹ ከፊሎቹ ኮማፕስ የተባለ ሌላ ካርታ ይዘው ወጡ። ሰው ይህን ጠብ ይለው ይሆናል። እኔ ግን ቤቱ ሲከፋ ዕቃን ይዞ መውጣት የሚቻል ከሆነ፣ እንዲህ ያለውን ጠብ አልጠላውም።

«ታዲያ ስንት ትከፍላለህ?» አልሁት ወጣቱን።

«ምንም።»

ይህን ስሰማ ጥርጣሬ ያዘኝ፤ ያለ ዋጋ የሚሰጥ ነገር ዋጋው የት እንደ ተደበቀ መጠየቅ ልማዴ ነውና። በቀፊራ አንዲት ባልቴት መንገድ ብንጠይቅ በእጃቸው አመልክተውን ወዲያው ይረሱናል። በነጻ ከሚታደሉት ካርታዎች ብዙዎቹ ግን አይረሱም፤ የት እንደ ሄድን፣ ስንት ሰዓት እንደ ቆየን፣ የትኛውን ሐኪም ቤት እንደ ፈለግን ይመዘግባሉ፤ ማስታወቂያ ሻጩም የሚኖረው በዚህ ነው። እነ ኦርጋኒክ ማፕስ ግን ስምና አድራሻ አይጠይቁም፤ ፍለጋው እዚያው ስልኩ ውስጥ ይፈጸማል፤ ወጪያቸውም በአብዛኛው ተጠቃሚው ወዶ በሚያዋጣው ገንዘብ ይሸፈናል። ጉድለት የላቸውም አልልም። የትኛው መንገድ በዚህ ሰዓት እንደ ተጨናነቀ አይነግሩም፤ ካርታውንም በየጊዜው ማደስ ያስፈልጋል። አንዱ ቀፊራ፣ ሌላው ከፊራ ብሎ ሲጽፍም ፍለጋው ግራ ይጋባል።

ሥዕሉን የሚሰጣቸው ኦፕንስትሪትማፕ ነው። ይህን በ2004 በእንግሊዝ አገር ስቲቭ ኮስት የተባለ ሰው ጀመረው፤ ዛሬ በየአገሩ ያሉ ፈቃደኞች መንገዱንና ሰፈሩን እየሳሉ ይሞሉታል። ሳይ ያላገኘው ሰፈር ባዶውን ይቀራል።

ወጣቱ ቅር የሚለውም ይኸው ነበር። ደቻቱ በበጋ አሸዋ ብቻ ስለሆነ ሕዝቡ በእግሩ ይሻገረዋል፤ የእርሱ ካርታ ግን በድልድዩ አዙሮ ይወስደዋል። «ይህን መሻገሪያ ማስገባት አለብን» እያለ ዕጣን ወደምገዛባቸው እናት መደብ ድረስ ተከትሎኝ መጣ። እርሳቸው ነገሩን ሰምተው የዕጣኑን ሚዛን አስቀመጡት።

«እንግዳ ሰው በሐምሌ ይህን አይቶ ቢገባበትስ?»

ሁለታችንም ዝም አልን። በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ ደቻቱ በሌሊት ሞልቶ ከ250 የሚበልጥ ሰው መጨረሱን የድሬ ልጅ ሁሉ ያውቃል። ውሃው የመጣው ከላይ ከተራራው ነበር። አሸዋውን ያየ እንግዳ ይህን ከየት ያውቃል?

ወጣቱ ራሱን አከከ። ኦፕንስትሪትማፕ ወንዙ በወቅት ብቻ የሚፈስ መሆኑን፣ ስፍራውም በውሃ ውስጥ የሚሻገሩበት መልካ መሆኑን ለይቶ መጻፍ ይፈቅዳል። ሆኖም በስልኩ ካርታ ላይ ሱቅና ሰፈር ይጨመር እንደሆነ እንጂ መንገድ አይሳልም፤ ለሌሎች ሳዮች ማስታወሻ መተው ግን ይቻላል። ካርታውን የሚያርም ሰውም የተመዘገበበት መጠሪያ ለዓለም ሁሉ ይታያል፤ ተመልካቹ ሲሰወር አራሚው አይሰወርም ማለት ነው። ወጣቱ ትንሽ አሰበና፣ «በበጋ ብቻ፤ በክረምት ጎርፍ አለ» የሚል ማስታወሻ ጻፈ፤ አንብቦም አሰማቸው።

«ይሁን» አሉ እናት፣ ዕጣኔን በወረቀት እየጠቀለሉ። «የኔን መደብ ግን እንዳትጽፈው። የፈለገኝ ጠይቆ ይመጣል።»