አርጀንቲና የደረሱት ወጣቶች

የኢትዮጵያ ከ20 ዓመት በታች የእግር ኳስ ብሔራዊ ቡድን በመጋቢት 1993 ዓ.ም. አገራችን ያስተናገደችውን የአፍሪካ ወጣቶች ሻምፒዮና በአራተኛነት አጠናቀቀ። በዚህም በሰኔ ወር አርጀንቲና ለተካሄደው የዓለም ወጣቶች ሻምፒዮና አለፈ። እዚያ ከኔዘርላንድስ፣ ከኮስታሪካና ከኢኳዶር ጋር ተመድቦ ሦስቱንም ጨዋታ ተሸነፈ፤ ቢሆንም እዚያ መድረሱ ራሱ ትልቅ ክብር ነው። ዋንጫውን አርጀንቲና ወሰደች።

ከተጋጣሚዎቹ አንዷ የነበረችው ኔዘርላንድስ በቆዳ ስፋቷ የአማራ ክልልን ሲሶ እንኳ አታክልም። በእግር ኳስ ከጥንካሬዋ ምንጮች አንዱ ክለቦቿ ሕፃናትን ከትንሽነታቸው ጀምረው በዕድሜ ከፋፍለው ማሠልጠናቸው ነው። በአማራ ክልል በሮቢትና በቆቦ ሜዳዎች ኳስ የሚያንከባልሉ ልጆችም ይህ ዓይነት ሥልጠና ሊደርሳቸው ይገባል። እናንተስ በትምህርት ቤታችሁ በዕድሜ የተከፋፈለ ቡድን አላችሁ? ከሌላችሁ ከስፖርት መምህራችሁ ጋር ተመካከሩና አቋቁሙ።