የ«ትረስት» ዋጋ ስንት ነው? ያለማዘጋጀቱስ?

በአሜሪካ፣ በተለይም በካሊፎርኒያ፣ ቤት የገዙ ወገኖቻችን ጥቂት አይደሉም። ቤት ሲገዛ ስለ ወለዱና ስለ ወርሃዊ ክፍያው ብዙ ይወራል። ባለቤቱ ቢሞት ወይም በዕዳ ቢከሰስ ቤቱ ምን እንደሚሆን ግን እምብዛም አይነሳም። ለዚሁ ተብሎ የሚዘጋጀው የንብረት አደራ ሰነድ፣ በፈረንጆቹ አጠራር «ሊቪንግ ትረስት»፣ ጠበቃ ዘንድ ጥቂት ሺሕ ዶላር ያስወጣል። «ለወረቀት ይህን ያህል?» የሚሉ አሉ። እስቲ ሒሳቡን እንየው።

ኑዛዜ ብቻውን አይበቃም

በካሊፎርኒያ ኑዛዜ መኖሩ ቤቱን ከፍርድ ቤት የውርስ ማጣራት አያድነውም። የጠበቃው ክፍያ በሕግ የተተመነ ሲሆን ከመጀመሪያው 100,000 ዶላር 4 በመቶ፣ ከሚቀጥለው 100,000 ዶላር 3 በመቶ፣ ከዚያ ቀጥሎ ካለው 800,000 ዶላር ደግሞ 2 በመቶ ነው። ውርስ አጣሪውም ይህንኑ ያህል መጠየቅ ይችላል።

ለምሳሌ ያህል 900,000 ዶላር የተገመተ ቤት እንውሰድ። የጠበቃው ድርሻ 21,000 ዶላር ይሆናል። አጣሪውም ከጠየቀ 42,000 ይደርሳል። ከባዱ ነገር ስሌቱ የሚሠራው በቤቱ ግምት እንጂ ከዕዳ በተረፈው ላይ አለመሆኑ ነው። ቤቱ 600,000 ዶላር የባንክ ብድር ካለበት ለወራሾች የሚተርፈው 300,000 ነው። ከዚሁ ላይ 42,000 ሲነሳ 14 በመቶው ሄደ ማለት ነው።

እ.ኤ.አ. ከኤፕሪል 1 ቀን 2025 ወዲህ ለሞተ ሰው ግን ግምቱ ከ750,000 ዶላር ያልበለጠ መኖሪያ ቤት በቀለለ አቤቱታ ሊተላለፍ ይችላል። ስለዚህ ትረስት ይበልጥ የሚያዋጣው ከዚህ በላይ ላለው ነው።

ከዕዳስ ይጠብቃል?

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ባለቤቱ በፈለገ ጊዜ ሊሽረው የሚችለው ትረስት፣ ባለቤቱ በሕይወት እስካለ ድረስ ከባለገንዘቦች አያስጥልም። ዕዳ ሲመጣ ቤቱን በወንድም ስም ማዛወርም መፍትሔ አይሆንም። ባለገንዘቡ በጠቅላላው በ4 ዓመት ውስጥ ዝውውሩ እንዲፈርስ መክሰስ ይችላል።

የዕዳ መከላከያው ሌላ ነው፤ ዋጋውም ለብቻው ነው። ሱቅ ያለው ሰው ንግዱን ኃላፊነቱ በተወሰነ ኩባንያ ስም ቢያደርግ፣ ቢያተርፍም ባያተርፍም በዓመት ቢያንስ 800 ዶላር ግብር ይከፍላል። በግሉ ዋስ ሆኖ ከፈረመ ደግሞ ለዚያ ብድር ኩባንያው አይከልለውም። ኢንሹራንሱም ዓመታዊ ክፍያ አለው።

ያለ ክፍያ የሚገኝም አለ። እ.ኤ.አ. ከ2021 ጀምሮ የካሊፎርኒያ ሕግ ከመኖሪያ ቤት ዋጋ ላይ ቢያንስ 300,000 ዶላር ያህሉን ከተራ ፍርድ ባለመብቶች ይከላከላል። በምሳሌአችን ላይ ያለው ቤት በዚህ ብቻ ተሸፍኗል ማለት ነው። ቤቱን በመያዣ የያዘውን ባንክ ግን አይመለከትም።

ካልተቀናጀ ኪሳራ ነው

ትረስቱ ተጽፎ፣ ተፈርሞ፣ የቤቱ ባለቤትነት ወረቀት ግን ወደ ትረስቱ ስም ሳይዛወር መሳቢያ ውስጥ ከቀረ ቤቱ ተመልሶ የፍርድ ቤት እጅ ሊገባ ይችላል። የተከፈለው ገንዘብም በከንቱ ቀረ። በአንጻሩ መኖሪያ ቤትን ወደ ንግድ ኩባንያ ስም ማዛወር ሌላ ጣጣ ያመጣል። ባለቤቱ የሚኖርበትን ቤት ወደ ራሱ ትረስት ሲያዛውር ባንኩ ብድሩን በአንዴ እንዳይጠይቅ እ.ኤ.አ. በ1982 የወጣው የፌዴራል ሕግ ይከለክለዋል። ለኩባንያ ሲዛወር ግን ይህ ከለላ የለም።

እንግዲህ ጠበቃ ዘንድ የሚሄድ ሰው «ስንት ነው?» ብሎ ብቻ አይመለስ። ክፍያው የቤቱን ስም ማዛወርና ማስመዝገብን ይጨምራል? የኢንሹራንስ ውሉስ ከአዲሱ ስም ጋር ይስማማል? ከእኔ በኋላ ባለአደራው ማን ነው? ብሎ ይጠይቅ። በተለይ ወራሾቹ አዲስ አበባ ከሆኑ፣ በሎስ አንጀለስ ፍርድ ቤት ጉዳይ ከመከታተል እዚያው ያለ የታመነ ባለአደራ መሰየሙ ይረክሳል።