ስለ አጠራር ጨዋነትና ስለ ሥልጣን ተገቢነት፦ ከመካነ ሰላም አካባቢ ልማድ አንጻር

የቦረና ወረዳ ዋና ከተማ የሆነችው መካነ ሰላም፥ በስተ ምዕራብ ወደ ዓባይ ሸለቆ በሚያዘነብለው የደቡብ ወሎ ደጋ ላይ ትገኛለች። የከተማይቱ ስም ግእዝ ነው፤ የወረዳው ስም ከኦሮሞ ነገድ ስም ጋር አንድ ነው፤ የሕዝቡ መነጋገሪያ ግን አማርኛ ነው። በዚህ አገር ክርስቲያንና ሙስሊም በአንድ ቀዬ፥ አንዳንዴም በአንድ ቤተ ዘመድ ውስጥ ይኖራሉ።

አንዱ ወገን ሌላው ያረደውን ሥጋ አይበላም። ስለዚህ ደጋሹ በሠርግ ጊዜ ለሌላው ሃይማኖት ተከታዮች የሚታረደውን ለይቶ ያቀርባል፤ አራጁም ከእነርሱው ወገን ይሆናል፤ ድስቱም ይለያል። ልዩነቱ አይደበቅም፤ ወጪውን ግን የሚሸከመው ደጋሹ ነው። አክብሮቱ የሚታወቀው እንግዳው በተጠራበት ስም ብቻ ሳይሆን በተዘጋጀለት ማዕድ ነው።

በመንግሥት ዘንድ ግን ነገሩ ለብዙ ዘመን ከዚህ የተለየ ነበር። በ1870 ዓ.ም. ከተደረገው የቦሩ ሜዳ ጉባኤ ጋር ተያይዞ ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ የወሎ ሙስሊሞች ክርስትና እንዲነሡ አዘዙ፤ ኢማም መሐመድ ዓሊም ተጠምቀው ሚካኤል ተባሉ። የ1948 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት የእምነትን ነጻነት ቢያውቅም፥ በመንግሥት የምትደገፈው የኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ብቻ እንድትሆን ደነገገ። የዚያ ዘመን አጠራር «በኢትዮጵያ የሚኖሩ ሙስሊሞች» የሚል ነበር። ቃሉ በላዩ ሲታይ ነቀፋ ባይኖርበትም፥ ባለ አገሩን እንደ ተከራይ ያስቆጥር ነበር።

ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. በአዲስ አበባ 100,000 ያህል የሚገመት ሕዝብ፥ ክርስቲያኖችም ጭምር፥ ሰላማዊ ሰልፍ አደረገ። ሰልፈኞቹ «ኢትዮጵያውያን ሙስሊሞች» መባልን፥ ከበዓላት መከበርና ከሃይማኖትና መንግሥት መለያየት ጋር አንድ አድርገው ጠየቁ። እንግዲህ የተጠየቀው ስም የመብት መግቢያ እንጂ ባዶ ትሕትና አልነበረም።

ደርግ በ1967 ዓ.ም. ሦስት የእስልምና በዓላት በአገር አቀፍ ደረጃ እንዲከበሩ አደረገ። ይሁን እንጂ ይኸው መንግሥት በቀይ ሽብር ዘመን ብዙ ዜጎችን ያለ ፍርድ አስገደለ። ስለዚህ አጠራሩን ያቀና መንግሥት በዚህ ብቻ በሕሊና ፊት ተገቢ ሥልጣን አለው ሊባል አይችልም። ሃይማኖትና መንግሥት የተለያዩ መሆናቸው በ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት 11ኛ አንቀጽም በግልጽ ሰፍሯል።

ቃልን ከንቱ ነገር አድርጎ የሚያይ የ1966ቱን ጥያቄ አያስተውልም፤ ቃል ብቻውን ይበቃል የሚልም ከዚያ በኋላ የመጣውን ይዘነጋል። የወሎ ደጋሽ ልማድ ግን መለኪያውን ያሳያል፤ ይኸውም፦ መልካም ስም የሰጠው ወገን ስለ ስሙ ምን ወጪ ተሸከመ?