ውሻችንን በገመድ መመራት እናለማምደው

ውሻ የቤት ጠባቂ ነው። ሌሊት ጅብ ወይም ሌባ ሲመጣ ቀድሞ የሚሰማው እሱ ነው። ብዙዎቻችን ቀን አስረን እናውለዋለን፤ ሲመሽ እንፈታዋለን። ይዘነው ከደጅ የምንወጣው ግን ከስንት አንዴ ነው። ስለዚህ ውሻችን ገመድን የሚያውቀው በእስራት ብቻ ነው።

ችግሩ የሚታወቀን የክትባት ቀን ሲደርስ ነው። «ነገ ውሾቻችሁን ይዛችሁ ውጡ» ይባላል። በማግሥቱ አንዱ ውሻውን በሸምቀቆ እየጎተተ ይመጣል። ውሻው እግሩን ተክሎ አልሄድም ይላል፤ ሌላ ውሻ ሲያይ ደግሞ ይዘላል። አንዳንዱ ገመዱን በጥሶ ያመልጣል። አንዳንዱ የገዛ ጌታውን ይነክሳል። በመጨረሻም «ኧረ ተወው፣ ለከርሞ ይከተባል» ተብሎ ይቀራል። እንዲህ ያለው መቅረት የሰው ሕይወት ሊያስከፍል ይችላል።

ለምን ቢባል፣ የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ አንዴ በሰው ላይ ከታየ በኋላ የሚድን የለም ለማለት ይቻላል። በሽታው የሚተላለፈው በታመመ እንስሳ ምራቅ ነው። በበሽታው ከሚያዙት ሰዎች ከመቶ እስከ 99 የሚሆኑት በሽታው የሚደርስባቸው ከውሻ ነው። በአንድ አካባቢ ካሉት ውሾች ከመቶ 70 ያህሉ ከተከተቡ ግን በሽታው መተላለፊያ ያጣል። ውሻን በገመድ ማስኬድ ቅንጦት ሊመስለን ይችላል። ይሁን እንጂ ውሻውን ከክትባቱ ቦታ የሚያደርሰው ይኸው ነው።

ገበሬ ወይፈን ሲገራ በመጀመሪያው ቀን ሙሉ ማሳ አያሳርሰውም። ቀንበሩን ያለማምደዋል፤ ከሥራ በሬ ጋር ያጣምደዋል፤ ጥቂት አስኪዶ ይፈታዋል። የውሻም ነገር እንደዚሁ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1904 የኖቤል ሽልማት ያገኘው የሩሲያ ሊቅ ኢቫን ፓቭሎቭ በውሾች ላይ አንድ ነገር አስተዋለ። ከምግብ በፊት አንድ ምልክት ደጋግሞ ከመጣ፣ ውሻው ምግቡን ሳያይ በምልክቱ ብቻ ለሃጩ ይዝረበረባል። ይኸውም አብረው የሚመጡ ነገሮችን ያያይዛል ማለት ነው። ገመድና ዱላ አብረው ከመጡ ገመድ ሲያይ ይፈራል፤ የፈራ ውሻ ደግሞ ይነክሳል። ገመድና ቁራሽ ዳቦ አብረው ከመጡ ግን ገመዱን ሲያይ ጭራውን ይቆላል።

እንግዲህ ሥራው በአራት ይከፈላል።

አንደኛ፣ የአንገት ማሰሪያ እናስለምደው። ማሰሪያው ሰፋ ያለ የቆዳ ወይም የጨርቅ ጠፍር ይሁን። ሁለት ጣት የሚያስገባ ክፍተት ይኑረው። ሸምቀቆ አይሆንም፤ ውሻው በጎተተ ቁጥር እየጠበቀ ጉሮሮውን ያንቀዋል። ማሰሪያውን ምግብ ሲቀርብለት እናጥልቅለት።

ሁለተኛ፣ ሁለት ሜትር ያህል ገመድ አስረን በግቢው ውስጥ እየጎተተው ይዙር። እንዳይጠላለፍበት ከአጠገቡ አንራቅ።

ሦስተኛ፣ የገመዱን ጫፍ ይዘን ጥቂት እርምጃ እንሂድ። ገመዱ ላላ ብሎ ከእግራችን ጎን ሲራመድ «ጎበዝ!» ብለን ወዲያው ቁራሽ ዳቦ እንስጠው። ወደ ፊት ሲጎትት ግን ቀጥ ብለን እንቁም። አንቆጣ፣ አንምታ፣ ገመዱንም አንንጠቅ። ዞር ብሎ ገመዱ ሲላላ ጉዟችንን እንቀጥል። ብንከተለው ኖሮ «መጎተት የፈለግሁበት ያደርሰኛል» ብሎ ይማር ነበር። አልሄድም ብሎ ሲተክልም አንጎትተው፤ የተጎተተ ውሻ ይብስ ወደ ኋላ ይላል። ጎንበስ ብለን ብንጠራው ይሻላል።

አራተኛ፣ ከደጅ እንውጣ። መጀመሪያ ሰውና ውሻ በማይበዛበት ሰዓት፣ ለምሳሌ በማለዳ ይሁን። ሌላ ውሻ ከሩቅ ስናይ መንገድ ለውጠን እንራቅ፤ ዝም ሲል ዳቦውን እንስጠው። በየቀኑ ርቀቱን ጥቂት በጥቂት እንቀንስ።

ልምምዱ በቀን ሁለት ጊዜ፣ በእያንዳንዱ ጊዜ ከአምስት እስከ አሥር ደቂቃ ቢሆን ይበቃል። ውሻው ጠግቦ ከበላ በኋላ ዳቦው አያጓጓውም፤ ስለዚህ ከመመገቡ በፊት ይሁን። የቤቱ ሰው ሁሉ አንድ ዓይነት ቃል ይጠቀም። አባት «ና» ሲለው ልጅ «ምጣ» ካለው ግራ ይገባዋል። ገመዱን በእጃችን ላይ አንጠምጥመው፤ ድንገት ቢዘል እጅ ይጎዳል፣ ሰውም ይጥላል። ትልቅ ውሻ ለሕፃን አይሰጥም። አንዱ ውሻ በሳምንት ይለምዳል፤ በዱላ የኖረው ግን ወራት ሊፈጅ ይችላል። ትዕግሥት ይጠይቃል።

የክትባቱ ቀን ሲመጣ ከሌሎቹ ውሾች ራቅ ብለን ተራችንን እንጠብቅ። መርፌውን እንደተወጋ ዳቦውን እንስጠው፤ የከርሞው ይቀልላል።

አንድ ነገር ግን አንርሳ። ጠባዩ ድንገት የተለወጠ፣ ያገኘውን ሁሉ የሚነክስ፣ ለሃጩ የሚዝረበረብና መዋጥ ያቃተው ውሻ ካየን ይህ ትምህርት ለእሱ አይሆንም። አንቅረበው፤ ለእንስሳት ጤና ባለሙያ እንንገር። ውሻ የነከሰው ሰው ቁስሉን ወዲያውኑ በሳሙናና በሚፈስ ውሃ ለ15 ደቂቃ ይጠብ። ከዚያም ሳይውል ሳያድር ጤና ጣቢያ ይሂድ። ቁስሉ ትንሽ ነው ብሎ መቆየት አይገባም። የባህል መድኃኒትም ክትባቱን አይተካም።

ጥያቄዎች
1. ውሻው ሲጎትት ቀጥ ብለን የምንቆመው ለምንድን ነው?
2. ሸምቀቆ ለምን አይጠቅምም?
3. በሰፈራችን ካሉት ውሾች ስንቱ ተከትበዋል? ከጎረቤቶቻችን ጋር እንቁጠር።