በባሕር ዳርና በጎንደር አይሮፕላን ማረፊያዎች መካከል ስላለው ርቀትና የጉዞ ጊዜ

የጥምቀት በዓል በተቃረበ ቁጥር ከሽሮ ሜዳ የሀገር ልብስ ወደ ሰሜን የሚልኩ ነጋዴዎች አንድ ጥያቄ ያነሣሉ፤ ይኸውም ባሕር ዳር ሳይሸጥ የቀረው ልብስ ለከተራ ጎንደር እንዲደርስ በአይሮፕላን ይላክ ወይስ በመኪና የሚል ነው። ከተራ ጥር 10 ቀን ስለሆነ፣ ከዚያ ዘግይቶ የሚደርስ ልብስ ገንዘብ አስሮ በመጋዘን ይከርማል።

በሁለቱ አይሮፕላን ማረፊያዎች መካከል ያለው ቀጥተኛ የአየር ርቀት 100 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። አይሮፕላን የጣናን ሐይቅ በላዩ ያቋርጠዋል፤ መኪና ግን ሐይቁን በምሥራቅ በኩል ዞሮ፣ በወረታና በአዲስ ዘመን አልፎ፣ 180 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል። ኪው 400 የተባለው ባለ ሁለት ሞተር አይሮፕላን በሰዓት ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ስለሚበር፣ ርቀቱን በፍጥነቱ ለሚያካፍል ሰው ጉዞው የ10 ደቂቃ ይመስለዋል። ነገር ግን አይሮፕላን ይህን ፍጥነት የሚያገኘው ከፍ ብሎ ከተደላደለ በኋላ ነው፤ በእንዲህ ያለ አጭር መንገድ ላይ ገና ሽቅብ ወጥቶ ሳይጨርስ ለመውረድ ይዘጋጃል። ስለዚህ 25 ደቂቃ ያህል ማሰብ ይሻላል።

የነጋዴ ሰዓት ግን ከመጋዘን በር እስከ ሱቅ በር የሚቈጠር ነው። ዕቃው ይመዘናል፣ ይፈተሻል፣ ሰነዱ ይጻፋል፣ ተራ ይጠብቃል፤ የጎንደር አይሮፕላን ማረፊያም ያለው ከከተማው ወጣ ብሎ በአዘዞ በኩል ነው። መኪና በደኅና ቀን ይህን ሁሉ ሳያይ በ3 ሰዓት ገደማ ይደርሳል። ከዚህ ሁሉ የሚብሰው ደግሞ በሁለቱ ከተሞች መካከል ቀጥታ በረራ በማይኖርበት ቀን ነው። ያን ጊዜ ዕቃው 330 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ቦሌ ተመልሶ፣ ከዚያ እንደገና 420 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ጎንደር መብረር አለበት፤ 100 የነበረው ርቀት 750 ሆነ ማለት ነው። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢም አንድ ዓመት ካርታ ብቻ አይቶ፣ የበረራውን ፕሮግራም ሳይጠይቅ ለአሠሪው «በአየር ይሂድ» ብሎ መክሮ፣ ጋቢውና ነጠላው ታቦቱ ከገባ በኋላ ደርሷል። ጥፋቱ የጸሐፊው እንጂ የሌላ የማንም አልነበረም።

ከአዲስ አበባ ለሚላክ ዕቃ ግን ስሌቱ ይገለበጣል። የጉለሌ ነጋዴ የጎጃም መንገድ ከአዲሱ ገበያ በደጁ ስለሚያልፍ፣ ቦሌ ግን ከተማውን አቋርጦ የሚደረስበት ስለሆነ፣ መኪናው የሚቀርበው ይመስለዋል። ሆኖም እስከ ጎንደር ያለው የመኪና መንገድ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ጭነት መኪናም የዓባይን በረሓ ወርዶ መውጣት አለበት። አይሮፕላን ይህንኑ በ1 ሰዓት ከጥቂት ደቂቃ ይጨርሰዋል፤ በዚህም ርቀት ላይ በማረፊያው የሚባክነው ሰዓት ዋጋ የለውም።

ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል በተባባሰው ግጭት ምክንያት መንገዶች የተዘጉባቸው ቀኖች ስለነበሩ፣ ከላይ የተጻፈው የመኪና ሰዓት ለሰላሙ ቀን ብቻ የሚያገለግል ነው። ስለዚህ ዕቃ ከማስጫን በፊት በዚያው ሳምንት ከወረታ የመጣ ሾፌር መጠየቅ፣ የበረራውንም ፕሮግራም በዚያው ቀን ማረጋገጥ ያስፈልጋል።