ያለ ጥፋቱ የሚፈታው ሴንሰር

በአዲስ አበባው የዓለም ባንክ ሰፈር ግቢዎች ውስጥ ከሚያድሩት የቤት መኪኖች ብዙዎቹ ዕድሜ ጠገብ ናቸው፤ ቶሎ የሚቀየሩም አይመስሉም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ያገለገለ መኪና ማስመጣትን እጅግ አስወደደ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በኤሌክትሪክ ከሚሠሩት በቀር ሌላ የቤት መኪና ወደ አገር እንዳይገባ ከለከለ። እንግዲህ ያለችውን ቪትዝ ወይም ኮሮላ እየጠገኑ መንዳት ነው። ዕድሜዋ ሲገፋ ዳሽቦርዱ ላይ ቢጫዋ የሞተር ምልክት ትበራለች፣ ቤንዚን ትጨርሳለች፣ ጭሷም ይሸታል። ይሄኔ ጎረቤት ሁሉ መካኒክ ይሆንና “ኦክስጅን ሴንሰሩ ነው፣ ቀይረው” ይላል። አንዳንዴ እውነቱን ነው።

ኦክስጅን ሴንሰር የጭስ መውጫው ላይ፣ ከሞተሩ ብዙም ሳይርቅ የተሰካ፣ ሲያዩት ካንዴላ የሚመስል ዕቃ ነው። ጫፉ ውስጥ በፕላቲኒየም የተለበጠ የዚርኮኒያ ሴራሚክ አለ። አንዱን ገጽ የውጭ አየር፣ ሌላውን ጭሱ ይነካዋል፤ የሁለቱ የኦክስጅን ልዩነት ጥቂት ኤሌክትሪክ ያመነጫል። ጭሱ ውስጥ ኦክስጅን ከተረፈ 0.1 ቮልት ገደማ፣ ካለቀ 0.9 ቮልት ገደማ። የሞተሩ ኮምፒውተር ይህን እያነበበ ለ1 ኪሎ ቤንዚን 14.7 ኪሎ አየር እንዲደርስ ነዳጁን ይጨምራል፣ ይቀንሳል። ዕቃውን ለመጀመሪያ ጊዜ በብዛት ያመረተው ቦሽ ሲሆን፣ በ1976 እ.ኤ.አ. ካሊፎርኒያ ለሚሸጡ የቮልቮ መኪኖች ተገጠመ። የዚያ ግዛት የጭስ ሕግ ጥብቅ ነበር።

እኛ ጋ ሌላም ጥቅም አለው። አዲስ አበባ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለል ሩብ ያህል ያንሳል። ለቆላ የተስተካከለ ካርቡራተር ያላት አሮጌ ላዳ እዚህ ስትደርስ መካኒክ በካቻቢቴ እስኪያስተካክላት ድረስ ቤንዚን ይበዛባታል። ሴንሰር ያላት መኪና ግን ከአዋሽ ሸለቆ ተነሥታ አዲስ አበባ ስትገባ መጠኑን በየመንገዱ እያረመች ነው። በ2001 ዓ.ም. የከተማዋ ቤንዚን ውስጥ 5 በመቶ ኢታኖል መቀላቀል ሲጀመርም ብዙ አሽከርካሪ ለውጡን ያላስተዋለው በዚሁ ምክንያት ይመስለኛል። ሴንሰሩ ሲሞት ኮምፒውተሩ በግምት ይሠራል፤ ግምቱም አብዛኛውን ጊዜ ቤንዚን ወደ ማብዛት ያደላል።

እንግዲህ ቁልፍ ከማንሣትዎ በፊት ከመሪው በታች ባለው ሶኬት ስካነር ይሰኩ፤ ከስልክ ጋር የሚሠራው ትንሹም ይበቃል። ለጃፓን ገበያ የተሠሩ አንዳንድ አሮጌ መኪኖች ግን ከእሱ ጋር አይግባቡም፤ ያኔ ጋራዥ መሄድ ነው። ፒ0135 የሚል የብልሽት ኮድ ከመጣ ጥርጣሬው የፊተኛው ሴንሰር ማሞቂያ ላይ ነው፤ ሴራሚኩ ከ300 ዲግሪ በላይ ካልጋለ በትክክል ስለማያነብ ውስጡ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ አለው። ፊውዙን ይዩ። ከዚያ ሶኬቱን ነቅለው በሴንሰሩ በኩል ያሉትን ሁለት ተመሳሳይ ቀለም ሽቦዎች በቴስተር ይለኩ። ጥቂት ኦም ካነበበ ማሞቂያው አልተቃጠለም፤ ምንም ካላነበበ ተቃጥሏል።

ፒ0420 ሌላ ታሪክ ነው። ኮዱ ስለ ካታሊስቱ፣ ማለትም ጭሱን ስለሚያጣራው ዕቃ ነው የሚናገረው፤ ከእሱ በኋላ የተሰካው የኋለኛው ሴንሰር ምስክር ብቻ ነው። ካታሊስቱ ውስጡ ወጥቶ ባዶ ቆርቆሮ ከቀረ የፈለጉትን ያህል አዲስ ሴንሰር ይግጠሙ፣ መብራቷ ተመልሳ ትበራለች። ከሁሉ የሚያታልለው ደግሞ “አየር በዛ፣ ቤንዚን አነሰ” የሚለው ፒ0171 ነው። የጭስ ቱቦው ከሴንሰሩ በፊት ከተሰነጠቀ የውጭ አየር ይስባል፤ ሴንሰሩም ያየውን በታማኝነት “ኦክስጅን ተርፏል” ብሎ ያመለክታል፣ ኮምፒውተሩ ቤንዚን ይጨምራል። ለዚህ የሚያስፈልገው በያጅ ነው።

ጥፋተኛው ሴንሰሩ ከሆነ አሮጌውን ይዘው መርካቶ፣ ሶማሌ ተራ ይውረዱ። የሶኬቱ ቅርጽ፣ የሽቦው ብዛትና ርዝመት አንድ መሆን አለበት፤ የመኪናዋን ሞዴልና የሞተሩን ዓይነትም ይንገሩ፣ ምክንያቱም በኋላ ዘመን ብዙ ቶዮታዎች ላይ የሚገባው የአየርና ነዳጅ ሴንሰር መልኩ ተመሳሳይ ሆኖ አሠራሩ የተለየ ነው። ከፈራረሰ መኪና የወጣ ከገዙ ማሞቂያውን እዚያው ይለኩ፤ ጫፉ ላይ ነጭ ዱቄት የመሰለ ነገር ካለ ይተዉት። ሶኬቱ ተቆርጦ ሽቦ መቀጠል ካስፈለገ በብየዳ ሳይሆን በማያያዣ ተጨምቆ ይቀጠል፤ ብዙዎቹ ሴንሰሮች የውጭ አየር የሚያገኙት በሽቦው ውስጥ ነው፣ የቀለጠ ቆርቆሮ መንገዱን ይደፍነዋል።

መፍታቱ አጭር ነው። የፊተኛው አብዛኛውን ጊዜ ኮፈኑ ሲከፈት ይታያል። የኋለኛው ከሥር ስለሆነ መኪናዋን ደልዳላ ቦታ ያቁሙ፣ ጎማዋን በድንጋይ ያስደግፉ፣ በክሪክ ብቻ በተነሣች መኪና ሥር ግን በፍጹም አይግቡ። ሞተሩ ለእጅ እስኪመች ይብረድ። ዝገት ማላቀቂያ ዘይት ጥርሱ ላይ ረጭተው ሻይ ጠጥተው ይመለሱ። ሶኬቱን መጀመሪያ ይንቀሉ፣ ከዚያ በ22 ቁልፍ ወደ ግራ ያዙሩ፤ አንዳንድ ቶዮታ ላይ ግን በሁለት ዳዶ ነው የሚታሰረው። እንቢ ካለ በጉልበት አይታገሉት፤ ትንሽ መልሰው ያጥብቁ፣ እንደገና ያላሉ። የጭስ መውጫው ጥርስ ከተበላ የሴንሰር ሥራ የቶርኖ ሥራ ይሆናል።

አዲሱን ጫፉን ሳይነኩ፣ ሳይጥሉ በእጅ አስጀምረው ያስገቡት። ቅባት የሚነካው ጥርሱን ብቻ ነው። ቁልፉ ላይ ተንጠልጥለው አያጥብቁ፤ 40 ኒውተን ሜትር ገደማ ይበቃል። ሶኬቱን በመጨረሻ ይሰኩ፣ አለዚያ ሽቦው ይጠማዘዛል፤ ከጋለው ቱቦም ያርቁት። ከዚያ ኮዱን በስካነር ያጥፉና ሞተሩን በር በተዘጋ ጋራዥ ሳይሆን ደጅ ያስነሡ።

አንድ ነገር ለመካኒክዎም ይንገሩት። ሞተር ሲከፈት በጋስኬት ፋንታ የሚቀባው ተራ ሲሊኮን ትነቱ ከጭሱ ጋር ወጥቶ የሴንሰሩን ፕላቲኒየም ይሸፍነዋል። የሲሊኮኑ ቱቦ ላይ “ሴንሰርን የማይጎዳ” የሚል ጽሑፍ ያለውን ይግዙለት፤ የዋጋ ልዩነቱ ከአዲስ ሴንሰር ጋር አይወዳደርም።